የአያ ታረቀኝ መዳፍ

አያ ታረቀኝ ማረፋቸውን የነገረኝ ድሮ ወረታ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስልኩን አንሥቼ ገና ደህና ዋልህ ሳንባባል «አያ ታረቀኝን ትናንት ቀበርናቸው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ንዴት ነው። እኒህ ሰው በሕይወታቸው አንድም ቀን ከእኔ ቀድመው ተነሥተው አያውቁም። አብረን በሠራንበት ዘመን ሁሉ እሳቸው የፈረስ ሆድ ሥር ጎንበስ ብለው፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ነው የኖርነው። አሁን ትንሽ ቢቆዩልኝ በምፈልግበት ጊዜ ጥለውኝ ሄዱ። የምነግራቸው ነገር ነበረኝ።

በደርግ ጊዜ ወረታ ላይ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ። ረዳት ነኝ ብል የሚሰማኝ ስላልነበረ የፎገራ ሰው በሙሉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም በኋላ በኋላ ማረሙን ተውሁት። አያ ታረቀኝ መኪና በማይገባበት አገር ሁሉ መድኃኒታችንን በፈረስ የሚያደርሱልን ጫኝ ነበሩ። የራሳቸው ፈረስ ግን አልነበራቸውም። የሚጭኑት ከገበሬው እየተዋሱ ነው። ገበሬው ደግሞ ለሌላ ሰው የማይሰጠውን ፈረስ ለእሳቸው ሳያመነታ ይሰጣል፤ አያ ታረቀኝ የወሰዱት ከብት ጀርባው በጭነት ቆስሎ፣ ገጣባ ሆኖ የተመለሰበት ቀን የለምና። ከይፋግ እስከ ሐሙሲት በዚህ ነበር የሚታወቁት። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ አንዲት ጎጆ፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው የሚያርሱበት አንድ በሬና ይኼ ስም።

ረጅምና ከሲታ ነበሩ። ቀኝ መዳፋቸው ብቻ ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስል ሰፊ ነው። ወንዝ ባገኘን ቁጥር፣ ደከመንም አልደከመንም፣ ጭነቱን ሁሉ ያወርዳሉ። ከዚያ ያንን መዳፍ ከጋማው ሥር ጀምረው እስከ ወገቡ ድረስ በፈረሱ ጀርባ ላይ ያስኬዱታል። ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እኔ ስቁነጠነጥ ካዩ፣

«ፈረስ አፍ የለውም፣ ዶክተር። እኔን እሚያነጋግረኝ በመዳፌ ነው» ይሉኛል።

«ታዲያ ዛሬ ምን አለዎት?»

«ገና መች ጨረሰና።»

ጭነው ሲያበቁ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። የሰፈርንበትን ቦታ እየዞሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። «የቀረ ነገር የለም?» ይላሉ። «የለም» እላለሁ። ሁለት እርምጃ ይሄዱና ይቆማሉ፤ «የቀረ ነገር የለም?» ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ አይነሡም። አንድ ቀን በሦስተኛው ላይ ሣር ውስጥ የቀረች የድንኳን ካስማ አገኙ። ቀኑን ሙሉ ካስማዋን በእጃቸው ይዘው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ አያ ታረቀኝ ግን እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ቆመው የሚጠብቁ ዓይነት ሰው ናቸው።

አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሜዳው ላይ ፈሰሰ። የፎገራ ሰው እንደ ልማዱ ከብቱን ከእረኞቹ ጋር ወደ ደጋ አወጣ። ውኃው እስኪጎድል ከብቱ የሚቆየው ከጉና ግርጌ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ ነበር። ጥቂት ቀን ሳይቆይ ከደኑ አጠገብ ያለ መንደር ውስጥ ደስታ ገባ የሚል ወሬ መጣ። ስሙ ነው እንጂ ደስታ፣ የገባበትን በረት በሳምንት ውስጥ ባዶ የሚያስቀር የከብት በሽታ ነው። ያልታመመውን ቀድሞ ከመከተብ በቀር መፍትሔ የለውም። ክትባቱ በሣጥን፣ በረዶ ተሞልቶበት መጣልኝ። በረዶው ቢበዛ አራት ቀን ይቆያል፤ መንገዱ በዚያ ጭቃ ሦስት ቀን ነው። የመሥሪያ ቤታችን አንዲት መኪና ደግሞ ለስብሰባ ጎንደር ሄዳለች። ስብሰባው ስለ ከብት በሽታ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሦስት ፈረሶች ከየቤቱ እንዲወጡ አዘዘ። አንዷ የእትየ ስንዱ ባዝራ ነበረች። እትየ ስንዱ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ እህል ወፍጮ ቤት የሚያደርሱት፣ ገበያ የሚወጡት በዚያች ግንባሯ ነጭ በሆነ ቦራ ባዝራ ነው። በዚያ አገር ለጭነት ከብት ሲሰጥ ሥርዐት አለው። ሁለት ሽማግሌዎች ይቆማሉ፤ ሰጪም ተቀባይም የከብቱን ጀርባ በእጃቸው ይዳብሳሉ፤ ሲመለስም እነዚያው ሽማግሌዎች ባሉበት እንደገና ይዳበሳል። በረዶዬ እየቀለጠ እኔ በአጥሩ በር ላይ ቆሜአለሁ። ለካ ሊቀ መንበሩም ቸኩሏል።

«ጓዶች፣ ይኼ አብዮታዊ ግዳጅ ነው። የምን ጀርባ መዳበስ ነው?» አለ።

«ግዳጁም እኮ እሚጫነው ጀርባ ላይ ነው» አሉ አያ ታረቀኝ፤ እጃቸውንም አላነሡም።

እትየ ስንዱ ባዝራዋን በጋማዋ ይዘው «አያ ታረቀኝ፣ አይተህ ተቀበል» አሉ።

«አየሁ። ንጹሕ ናት። እንደ ሰጠሽኝ እመልስልሻለሁ።»

ይቺን ለማለት ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

የመንገዱን ነገር ባላነሣው ይሻላል። ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ወንዙ ብዙ፣ ወንዝ በተገኘ ቁጥር ማውረድ፣ መዳበስ፣ መጫን። በሁለተኛው ቀን ማምሻውን ደኑ ደረስን። ጥዱ ያንጠባጥባል፤ ምድሩ እንደ ስፖንጅ ይረገጣል። አንድ ድንኳን ነበረችን፤ ለሁለት ሰው የምትበቃ። አያ ታረቀኝ ፈረሶቹን እግራቸውን አስረው ለቀቁና ኮርቻውን፣ መጫኛውንና ከጭነት ሥር የሚነጠፈውን የበግ አጎዛ ሁሉ አስገብተው ድንኳኗ መካከል ደረደሩት። ለእኛ የቀረልን በግራና በቀኝ አንዳንድ ስንዝር ነው።

«እኛስ?» አልሁ።

«እኛማ ብንረጥብ እንደርቃለን። የረጠበ አጎዛ ግን ቆዳ ይልጣል።»

ግማሽ ጎኔ ውጭ አደረ።

ጠዋት ስንነሣ ሁለቱ ፈረሶች በታሰረ እግራቸው እየዘለሉ ደኑ ውስጥ ገብተዋል። ቦራ ብቻ አጠገባችን ትግጣለች። አያ ታረቀኝ አንዱን አጎዛ ጠል ስለነካው እሳት ዳር ዘረጉትና «ሳልመጣ እንዳትነካካ» ብለውኝ ፈረሶቹን ፍለጋ ሄዱ። ጠበቅሁ። ሣጥኑን ከፍቼ ባየው በረዶው ወደ ግማሽ ወርዷል። እንደገና ጠበቅሁ። ከጥዱ ውስጥ የሚሰማው የእሳቸው ፉጨት ብቻ ነው፤ ያውም ከሩቅ፣ ያውም የማይቸኩል ሰው ፉጨት። አልቻልሁም። አጎዛው ገና እርጥብ ስለነበር በእሱ ፋንታ ጆንያ አጥፌ በቦራ ጀርባ ላይ አነጠፍሁ፣ ሣጥኑን በመጫኛ ጠፍሬ አሰርሁና እየሳብኋት ዳገቱን ያዝሁ። ዱካዬን አይተው ይከተሉኛል ብዬ ነው። ፈረስ መጫን ምን ጥበብ አለው ብዬም ነው።

ጥቂት ራቅ ብሎ አንዲት ምንጭ ያለችበት ገላጣ ቦታ ላይ ደረሱብኝ። ሁለቱን ፈረሶች እየሳቡ፣ የደረቀውን አጎዛ በብብታቸው ይዘው ነበር። አልተቆጡም። የቦራን አረማመድ ትንሽ አዩና «አቁማት» አሉኝ። ጭነቱን አወረዱ፣ ጆንያውን አነሡ፣ መዳፋቸውን አስኬዱ። መካከል ላይ ሲደርስ መዳፋቸው ቆመ። ሎሚ የሚያህል እብጠት ነበር፤ ጫፉ ላይም ጸጉሩ ተነሥቷል።

«ዛሬ አንሄድም» አሉ።

«ምን ማለትዎ ነው? ሣጥኑን በሌላው ፈረስ እንጭነዋ!»

«እንጫን። እሷ ግን ይኼን ዳገት ብታልበው እብጠቱ ይፈርጣል። ሳይተኛ አላንቀሳቅሳትም።»

«እንግዲያው ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«መንገዱን ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም። ደኑ ውስጥ መንገዱ በየቦታው ይከፈላል፤ እረኞቹ ያሉበትን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ንዴቴን ላበርድ ጥቂት በደኑ ውስጥ ዞርሁና ፊቴን ልታጠብ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ጠርሙሶቼ እዚያ ነበሩ። ክትባቱን አንድም ሳያስቀሩ ሰፊ አፍ ባለው ቅል አድርገው ውኃው ውስጥ ነክረውታል። እየሮጥሁ ስመለስ ሣጥኑ ተከፍቷል፤ አያ ታረቀኝ የተረፈችውን በረዶ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የባዝራዋ ጀርባ ላይ ይዘዋል።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እብጠት ቅዝቃዜ ሲያገኝ ይተኛል። አንተው አይዶለህ ያስተማርኸኝ?»

እኔው ነኝ። ይፋግ ገበያ ላይ፣ በአንዲት በቅሎ እግር፣ ምን የመሰለ ትምህርት ሰጥቻቸው ነበር። ያን ጊዜ አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርሁ። ለአንዲት ባዝራ ብለው የስንቱን ድሃ ከብት ሊያስጨርሱ ነው አልኋቸው። ግትር አልኋቸው። በመጨረሻም፣ «የራስዎ ከብት እዚያ ቢኖር ይኼኔ እየሮጡ ነበር» አልኋቸው። ደኑ ድምፄን መልሶ ለራሴ አሰማኝ።

አያ ታረቀኝ እጃቸውን ሳያነሡ አዳመጡኝ። ዝም ስል ጊዜ፣

«ጨረስህ? የቀረ ነገር የለም?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መጣል ጀመረ። የደጋ በረዶ፣ ባቄላ ባቄላ የሚያህል፤ ጥዱ ሥር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነጭ ሆነ። እኔ ድንኳኗ ውስጥ ተኮራምቼ ሳለሁ እሳቸው ሣጥኑን ይዘው ወጡ። በዚያ መዳፋቸው እየዛቁ ወረታ ላይ ከሞላነው በላይ ሞሉት። ጠርሙሶቹን ከምንጩ አምጥተው መካከሉ ላይ አስቀመጧቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ከራሳቸው ላይ በረዶውን ያራገፉት። «እዚህ አገር በክረምት በረዶ ይጠፋል ብለህ ነው?» አሉኝ። ጥፋታቸው ያላናደደኝን ያህል ልክ መሆናቸው አናደደኝ። ያን ማታ ራት አብሬአቸው አልበላሁም።

በማግስቱ እብጠቱ ተኛ። ቦራ ባዶዋን፣ ጭነቷ በሌሎቹ ላይ ሆኖ፣ ተጓዝን። እረኞቹ የሰፈሩበት ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ከብቱ በደኑ ውስጥ ተበትኖ ይግጣል፤ ደህና ነበር፤ አብዛኛው ደህና ነበር። አንድ ጎልማሳ እረኛ ወደ እኛ መጣና ለእኔ ሰላምታ ሳይሰጥ አያ ታረቀኝ ፊት ቆመ።

«አያ ታረቀኝ፣ ትናንት ውኃ አልጠጣም አለ። ዛሬ ጠዋት እንዳልሆነ ሁኖ ተኛ።»

ጣቱን ተከትዬ አየሁ። አንድ ቀይ በሬ ኮሶ ሥር ተጋድሟል፤ እንባው ይፈሳል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል። ደስታ ነው። ከሌላው ለይተውታል፤ እሱ ግን አይተርፍም።

«የማን ነው?» አልሁ።

«የሳቸው ነዋ» አለኝ እረኛው፤ እንዴት አታውቅም በሚል ዐይን። «አንድ በሬያቸው እሱ አይዶል?»

ትናንት የተናገርሁት ነገር ተመልሶ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። አያ ታረቀኝ በሬያቸው አጠገብ ሄደው ቁጢጥ አሉ፤ መዳፋቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ፤ ብዙም አልቆዩም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ሳይቆዩ ተነሡ።

«መጀመሪያ የቆሙትን» አሉኝ። «ና፣ እንጀምር።»

እስኪመሽ ድረስ የሰዉን ከብት ቀንዱን እየያዙ አስከተቡኝ። አንድም አልዘለሉም። በመጨረሻ፣ በሽታው በሬው ውስጥ ከገባ ቀናት እንዳለፉት፣ ከትናንት በስቲያ ብንደርስም ክትባቱ እንደማያድነው ነገርኋቸው። እውነቴን ነበር። «እሽ፣ ዶክተር» አሉኝ። አመኑኝ አላመኑኝ አላውቅም፤ ሐሰት ቢሆንም ያንኑ እንደምላቸው ያውቃሉና። ሌላ ከብት አልሞተም። የሞተው የእሳቸው ነው።

ስንመለስ ቦራ ላይ አንዲት መጫኛ እንኳ አልጫኑም፤ የእሷን ድርሻ በትከሻቸው ተሸከሙ። ልያዝልዎት ብላቸው «አንተ ትሮጥብኛለህ» አሉኝ። በየወንዙ አወረዱ፣ ዳበሱ፣ ጫኑ። እኔም አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

እትየ ስንዱ ግቢ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ሊቀ መንበሩም አለ፤ ጎረቤቱም ስለ ከብቱ ለመስማት ተሰብስቧል። «ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥዎ» እያሉ ጉልበቴን የሚስሙ ሰዎች ነበሩ። እትየ ስንዱ መዳፋቸውን ከጋማው ሥር ጀምረው አስኬዱ። መካከል ላይ ቆሙ። አንድ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጸጉር የተላጠባት ቦታ ነበረች፤ እከኳ ገና አልወደቀም። አንደኛው ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ አያ ታረቀኝ?» አሉ እትየ ስንዱ።

አፌን ከፈትሁ። ልናገር ነበር፤ እስካሁን ድረስ ልናገር እንደ ነበር ለራሴ እነግረዋለሁ። አያ ታረቀኝ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ቸኩዬ ጫንሁ።»

አያ ታረቀኝ ቸኩዬ ጫንሁ አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በሞትሁ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዶክተር ተብዬ፣ ጉልበቴን ተስሜ፣ ሊቀ መንበሩ እያየኝ፣ የድሃ ባዝራ የላጥሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ፈሪ ነበርሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። «አያ ታረቀኝም ገጣባ መለሱ» ተባለ። «አርጅተዋል» ተባለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ፈረስ የሚያውሳቸው ጠፋ። መሥሪያ ቤታችን ሌላ ጫኝ ቀጠረ፤ ቶሎ የሚነሣ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ የሚመልሳቸው ፈረሶች ጀርባ የማይታይ። አያ ታረቀኝ በሬም ስማቸውም ሳይኖር የሰው መሬት በእጃቸው እየቆፈሩ ከረሙ። ሰው ቀስ በቀስ ረስቶ እንደገና ፈረስ መስጠት ሲጀምር እኔ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ ነበር።

ከባሕር ዳር ወረታ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። በሥራም በሌላም ሳልፍ እፈልጋቸዋለሁ፤ ጠላ ቤት ደጃፍ እንቀመጣለን፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ፈረስ እናወራለን። ልነግራቸው እያሰብሁ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ለእትየ ስንዱ እነግራቸዋለሁ፣ ለሽማግሌዎቹም እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ስነሣ አያ ታረቀኝም ይነሡና መቀመጫዬን፣ መሬቱን፣ ፊቴን ያያሉ።

«የቀረ ነገር የለም?»

«የለም፣ አያ ታረቀኝ።»

ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ላይ ሁልጊዜ ትዕግሥቴ ያልቅና «የለም አልሁዎት እኮ!» እላለሁ። ሽማግሌ ልማዱን አይተውም እያልሁ መኪና ውስጥ እገባለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ አልን።

ለሰልስቱ ወረታ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። እትየ ስንዱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። አጠገባቸው ቁጭ አልሁና፣ ሌላ ጊዜ እንዳልጨምርበት ፈርቼ፣ ሳልጠየቅ ተናገርሁ። ቦራን የላጥኋት እኔ ነኝ አልኋቸው። አጎዛ ሳላነጥፍ የጫንሁ እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ሞተዋል፤ ቦራም፣ ሊቀ መንበሩም የሉም፤ ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ አልሁ።

«አውቃለሁ» አሉኝ እትየ ስንዱ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ያኔውኑ ማታ ነው የነገረኝ። ባዝራዬን በአደራ ሰጥቼው እኔን ሊዋሸኝ ነው? ‹ሽማግሎቹ ፊት ልጁን ማዋረድ ከብዶኝ ነው፤ አትጠይቂው፤ ራሱ መጥቶ ይነግርሻል› አለኝ።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ኸዚያ ወዲያ አንተ መጥተህ በሄድህ ቁጥር ኸቤቴ ይመጣል። ‹ነገረሽ?› ይለኛል። ‹አልነገረኝም› እለዋለሁ። ‹ይመጣል፤ ገና ጭነቱን አላወረደም› ይለኛል። ባለፈው ሰሞን ታሞ ተኝቶ እንኳ ሰው ልኮ አስጠይቆኛል።»

እኒህ ሰው። እኔ አንድ ቀን ስላስጠበቁኝ ደኑ እስኪመልስልኝ ድረስ ጮሄባቸዋለሁ። እሳቸው ይኼን ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲጠብቁኝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ንገራት እንዴት አይሉኝም? ብስጭቴና እንባዬ አብረው መጡ። ደግሞ ሊያናድዱኝ ነው፣ በሞታቸውም ሊያናድዱኝ ነው አልሁ፤ ምን እንዳልሁም አላውቅም።

እትየ ስንዱ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸውን ትከሻዬ ሥር አደረጉና ጀርባዬን ከላይ እስከ ወገቤ ቀስ ብለው፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ዳበሱኝ። ብዙ ቆየ። ያን ቀን ሰዓቴን አላየሁም።